ቀረጥና ጦርነት

የመርጡለ ማርያም ገበሬ ጤፉን፣ ስንዴውንና ባቄላውን ከገዛ ማሳው ያገኛል። ጨው ግን ከማሳ አይበቅልም። ማረሻ የሚሠራበት ብረት፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ እነዚህ ሁሉ ከሩቅ ይመጣሉ። ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ መንገድ አለው። መንገዱም በር አለው። በበሩ ላይ የቆመው ሰው ደግሞ «ሳትከፍል አታልፍም» ይላል።

እዚህ የምናነበው ስለዚያ በር ነው። በበሩ ላይ የሚከፈለው ምንድን ነው? የሚከፍለውስ በእውነት ማን ነው? አገር ጦርነት ላይ በሆነች ጊዜ ያ ክፍያ ቢቀርላት ምን ትጠቀማለች? ነገሩ የነጋዴና የሹም ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን እስከ ጎጃም ገበሬ ደጅ ድረስ የመጣ፣ ብዙ ደምም የፈሰሰበት ጉዳይ ነው።

ቀረጥ፣ ጉምሩክ፣ ኬላ

ቀረጥ ማለት ዕቃ ወደ አገር ሲገባ ወይም ከአገር ሲወጣ መንግሥት የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። ይኸን ገንዘብ የሚሰበስበው፣ ዕቃውንም የሚፈትሸው መሥሪያ ቤት ጉምሩክ ይባላል። ኬላ ደግሞ በመንገድ ላይ ያለ በር ነው። አላፊ አግዳሚው የሚፈተሽበት፣ በድሮ ጊዜም ነጋዴው የሚቀረጥበት ቦታ ነው።

ቀረጥ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። መንግሥት ከቀረጥ በሚያገኘው ገንዘብ መንገድ ይሠራል፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይከፍታል። ቀረጥ የአገር ውስጥ ባለሙያንም ይጠብቃል። ከውጭ የመጣ ጨርቅ ያለ ቀረጥ በርካሽ ገበያውን ቢሞላው የአገሩ ሸማኔ ሸማውን ለማን ይሸጣል? ስለዚህ ቀረጥ እንደ ጨው ነው። ልክ ሲሆን ወጡን ያጣፍጣል፤ ሲበዛ ያበላሻል።

የሚከፍለው ማን ነው?

ብዙ ሰው ቀረጥ የሚከፍለው ነጋዴው ይመስለዋል። በበሩ ላይ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚሰጠው እርግጥ ነጋዴው ነው። ነገር ግን እስቲ አብረን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተሰጡ ናቸው። የመጫኛውንም ዋጋ ለጊዜው እንተወው።

አንድ ነጋዴ በወደብ በ100 ብር ጨርቅ ገዛ እንበል። በወደቡ በር 10 ብር ቀረጥ ከፈለ። ከወደቡ እስከ እኛ ገበያ ድረስ 5 ኬላዎች አሉ። በእያንዳንዱ ኬላ 2 ብር ከፈለ፤ ሲደመር 10 ብር ሆነ። እንግዲህ ጨርቁ 120 ብር ፈጀበት ማለት ነው። ነጋዴ ደግሞ ያለ ትርፍ አይሠራም። ካወጣው ገንዘብ በየ10 ብሩ 1 ብር ቢያተርፍ ትርፉ 12 ብር ይሆናል። ጨርቁን በ132 ብር ይሸጠዋል።

አሁን ደግሞ ቀረጡም የኬላው ክፍያም ቢቀር እንይ። ጨርቁ የፈጀበት 100 ብር ብቻ ነው። በዚያው ልክ 10 ብር ያተርፍበትና በ110 ብር ይሸጠዋል። ልዩነቱ 22 ብር ነው። ልብ በሉ፤ በየበሩ የተከፈለው 20 ብር ነበር። በገዥው ላይ የተጫነው ግን 22 ብር ነው። ነጋዴው በከፈለው ቀረጥ ላይም አትርፏልና።

ስለዚህ ቀረጥ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚያርፈው ዕቃውን ለሌላ በማይሸጠው ሰው ላይ ነው። ያም ሰው ጨርቁን የሚለብሰው፣ ጨውን የሚበላው ገበሬ ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ ጊዜ አለ። በየበሩ ጭነት ሲራገፍ፣ ሲቆጠር፣ ወረቀት ሲጻፍ፣ ሹሙ እስኪመጣ ሲጠበቅ ቀኑ ይሄዳል። በቅሎውና አህያው ይበላሉ፤ ጫኙም ይበላል። ይኸም ሁሉ ከዋጋው ላይ ይታከላል። ስለዚህ የጉምሩክን ሥራ ማቃለል ሲባል ገንዘቡን መቀነስ ብቻ አይደለም። የበሮቹን ቁጥር መቀነስ፣ ፍተሻውን ባንድ ቦታ መጨረስ፣ ወረቀቱን ማሳጠርም ነው።

አሞሌ ጨው በየኬላው

አያቶቻችን ይኸን ነገር በደንብ ያውቁት ነበር። አሞሌ ጨው በአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው ይመጣ ነበር። አሞሌ ለመብል ብቻ አልነበረም፤ እንደ ገንዘብም ይገበያዩበት ነበር። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ባንድ ብር የሚገኘው አሞሌ ቁጥሩ ያንሳል። የመንገዱ ርዝመት አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ኬላ ነው።

በዚያ ዘመን የጎጃም ስመ ጥር ገበያ ባሶ ነበር። ባሶ በዛሬው ደብረ ማርቆስ አካባቢ ይገኛል። ከአባይ ማዶ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ይመጣል። ከሰሜን አሞሌና ጨርቅ ይመጣል። ሁለቱ በባሶ ይገናኛሉ። ሲራራ ነጋዴው ከባሶ ተነሥቶ ጎንደር፣ ከጎንደርም ምጽዋ እስኪደርስ በየባላባቱ ወሰን፣ በየወንዙ መሻገሪያ ይቀረጥ ነበር። ባንዱ ኬላ መክፈሉ ከሌላው ኬላ አያድነውም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይኸን ለማቃለል ሞክረዋል። ቴዎድሮስ የነገሡት በ1847 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ በአገሩ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን እንደ ጻፈው፣ ንጉሡ የንግድ ቀረጥ በግዛታቸው ውስጥ በ3 ቦታ ብቻ እንዲከፈል አዘዋል። ይኸንም ያዘዙት በሰላም ተቀምጠው አይደለም። ከጦርነት ወደ ጦርነት በሚዘምቱበት ጊዜ ነው። ገበያ ካልቆመ ሠራዊትም አይቆምምና። ሆኖም ትእዛዙ ሥር ሳይሰድ ዘመናቸው አለፈ። ኬላዎቹም ተመልሰው በዙ።

ጦርነት ላይ ያለ አገር ምን ይሻል?

ጦርነት ሲመጣ ገበሬው ከእርሻው ይነሣል። በሬው ለስንቅ ይታረዳል። ነጋዴው መንገድ ይፈራል። አገሪቱ የምታመርተው ያንሳል፤ የሚያስፈልጋት ግን ይበዛል። መሣሪያ ያስፈልጋታል፤ መድኃኒትና እህልም ያስፈልጋታል። ይኸን ሁሉ ለመግዛት ደግሞ የራሷን ምርት ወደ ውጭ መሸጥ አለባት።

ስለዚህ ጦርነት ላይ ያለ አገር ሁለት ነገር ይሻል። አንደኛ፣ የሚገዛው ዕቃ ሳይጉላላ እንዲገባለት ይሻል። ሁለተኛ፣ የሚሸጠው ዕቃ በሌላው አገር በር ላይ ቀረጥ ሳይበዛበት እንዲያልፍለት ይሻል።

ሁለተኛውን አገሪቱ በራሷ ማድረግ አትችልም፤ የበሩ ባለቤት ሌላ ነውና። የራሷ ወደብ የሌላት አገር ደግሞ የመጀመሪያውንም ያለ ጎረቤቷ ፈቃድ አታገኝም። ኢትዮጵያ ይኸን ችግር ከ140 ዓመት በፊት በምጽዋ በር ላይ አይታዋለች።

የምጽዋ በር

በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ምጽዋ በግብፅ እጅ ነበረች። በ1868 ዓ.ም. ግብፆች ጦር ይዘው ወደ ደጋው መጡ። በጉንደትና በጉራ ድል ሆነው ተመለሱ። ኢትዮጵያ በጦር ሜዳ አሸነፈች፤ በሩ ግን በግብፅ እጅ ቀረ። መሣሪያ ለማስገባትም ሆነ የአገሩን ዕቃ ለማውጣት የግብፅን ሹም ፈቃድ መጠበቅ ግድ ነበር። በ1872 ዓ.ም. ጎርዶን የተባለ እንግሊዛዊ በግብፅ ስም ለድርድር ደብረ ታቦር መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጠየቁት ነገር አንዱ የባሕር በር ነበር። ጎርዶን እሺ አላለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በሱዳን ማሕዲ የተባለ መሪ ተነሣ። ተከታዮቹን ያገራችን ሰው ደርቡሽ ይላቸዋል። በምሥራቅ ሱዳን የነበረው የግብፅ ጦር በየምሽጉ ተከበበ። በዚያን ጊዜ ግብፅን በእጇ ያደረገችው እንግሊዝ ነበረች። ያን የተከበበ ጦር በኢትዮጵያ በኩል ለማስወጣት ፈለገች። ስለዚህ ሂዊት የተባለውን የባሕር ኃይል አዛዥ ወደ ዐፄ ዮሐንስ ላከች።

በግንቦት ወር 1876 ዓ.ም. በዐድዋ ውል ተፈረመ። የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ስለ ምጽዋ በር ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው፣ ከኢትዮጵያም የሚወጣው ዕቃ ሁሉ፣ መሣሪያና ጥይት ሳይቀር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምጽዋ በኩል በነፃ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ቦጎስ የተባለውም አገር ለኢትዮጵያ እንዲመለስ ይላል። በምላሹ ዐፄ ዮሐንስ የተከበበው ጦር በአገራቸው በኩል እንዲወጣ ሊረዱ ቃል ገቡ።

እንግዲህ ጦርነት ላይ ላለ አገር በር መክፈት ማለት ይኸ ነው። ስጦታ ግን አልነበረም፤ ልውውጥ ነበር። አንዱ በሩን ይከፍታል፤ ሌላው ደሙን ያፈሳል።

ኢትዮጵያ ድርሻዋን ፈጸመች። የተከበቡት ወታደሮች ብዙዎቹ በኢትዮጵያ በኩል ወጥተው አገራቸው ገቡ። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ በኩፊት ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ። በዚህም የኢትዮጵያና የደርቡሽ ጠላትነት ጸና።

እንግሊዝስ ምን አደረገች? ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር ምጽዋ ገባ። እንግሊዝም ይኸን ወደደች እንጂ አልተቃወመችም። ኢጣልያ በመጀመሪያ ንግዱ እንደማይነካ ገለጸች። ውሎ አድሮ ግን ወደ ደጋው እየገፋች ሰሐጢን ያዘች። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ የኢጣልያን ጦር በዶጋሊ ደመሰሱ። ከዚያ በኋላ ኢጣልያ በምጽዋ በኩል መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ እንዳያልፍ ከለከለች። የተከፈተው በር እንዲህ ሆኖ ተዘጋ።

ጎጃም የከፈለው

ውሉ የተፈረመው በዐድዋ ነው። ከዕዳው ብዙውን የከፈሉት ግን ጎጃምና ጎንደር ናቸው።

በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊታቸውን ይዘው መተማ ላይ ደርቡሽን መቱ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ ደርቡሽ በዝቶ መጣ። በደምብያ፣ ሳር ውኃ በተባለው ስፍራ የጎጃም ሠራዊት ተሸነፈ። ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙውም ተማረከ። ጎንደር ተቃጠለች። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተጣልተው የጎጃም ገበሬ በገዛ አገሩ ሠራዊት ተዘረፈ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው መተማ ላይ ወደቁ።

ለዚህ ሁሉ መከራ ውሉ ብቻውን ምክንያት አይደለም። መተማ የወሰንና የንግድ በር ስለሆነች በእርሷ ላይ የነበረው ጠብ የቆየ ነው። ነገር ግን በውሉ መሠረት ኢትዮጵያ የሰጠችው የሰው ሕይወት አልተመለሰም። የተሰጣት በር ግን ተመልሶ ተወሰደ።

ውሉ ለምን አልጸናም?

ገበሬ ውል ያውቃል። መሬት ሲያከራይ፣ በሬ ሲያውስ፣ ብር ሲያበድር ዋስና ምስክር ይጠራል። እስቲ የዐድዋን ውል በዚሁ ዓይን እንየው።

አንደኛ፣ ዋስ አልነበረውም። በሩ ከሰው ወደ ሰው ቢተላለፍ ቃሉም አብሮ እንዲተላለፍ የሚያስገድድ አልነበረም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ያገራችን ተረት ለመንግሥታት አልሠራም።

ሁለተኛ፣ ዳኛውና ባለጉዳዩ አንድ ነበሩ። በኢትዮጵያና በግብፅ መካከል ክርክር ቢነሣ የእንግሊዝ ንግሥት እንድታይ ተስማምተዋል። ግብፅን የያዘችው ደግሞ ራሷ እንግሊዝ ናት። አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ሦስተኛ፣ ተስፋው ሁሉ ባንድ በር ላይ ተጥሎ ነበር። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ምኒልክ መሣሪያ ያስገቡ የነበረው በሌላ በኩል፣ በኦቦክና በጅቡቲ ጭምር ነበር። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሲደረግ በዚያ መንገድ የመጣው ጠመንጃ ጠቅሟል።

ቀረጥ ቢቀር ፍተሻ አይቀርም

ከዚሁ ከምጽዋ በር ሌላ ትምህርት እናገኛለን። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች ለጦራቸው ከውጭ ባስገቧቸው ከብቶች «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ ገባ። በሽታው ከምጽዋ ተነሥቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። የበሬው ዘር ሊጠፋ ደረሰ። ማሳው ጦሙን አደረ። ክፉ ቀን የሚባለው ያ ዘመን ነው። ይኸ በሽታ ከዓለም ላይ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በር ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ማስከፈል ነው። ሁለተኛው የሚገባውን ነገር መመርመር ነው። የመጀመሪያው በችግር ጊዜ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ሊፈጥን ይገባዋል እንጂ ሊቀር አይገባውም።

የዩክሬን ገበሬና የፖላንድ ገበሬ

በእኛ ዘመንም እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሩስያ ዩክሬንን በጦር ወረረች። ዩክሬን ስንዴ፣ በቆሎና ሱፍ የምታበቅል የገበሬ አገር ናት። እህሏን ወደ ውጭ የምትልከው በይበልጥ በጥቁር ባሕር ወደቦች ነበር። ጦርነቱ ወደቦቹን ዘጋ። እህሉ በየጎተራው ተከማቸ።

በዚያው ዓመት በግንቦት መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት ከዩክሬን በሚመጣ ዕቃ ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሣ። ፈቃዱ ለ1 ዓመት ነበር። እየታደሰ እስከ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ቆየ። እንግሊዝም እንዲሁ ቀረጧን አነሣች። የዩክሬን ገበሬ እህሉን በባቡርና በመኪና በጎረቤቶቹ በኩል መሸጥ ቻለ።

ነገር ግን እህሉ ሁሉ አልፎ አልሄደም። ከፊሉ እዚያው በጎረቤቶቹ ገበያ ተራገፈ። የፖላንድ ገበሬ የስንዴው ዋጋ ወደቀበት። «ለጎረቤት መርዳቱ መልካም ነው፤ ዕዳውን ግን ለምን እኔ ብቻ እሸከማለሁ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ፖላንድ፣ ሀንጋሪና ስሎቫክያ የዩክሬን እህል እንዳይገባ ከለከሉ። በኋላም የፖላንድ ገበሬዎች ትራክተራቸውን አውጥተው መንገድ ዘጉ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 ዓ.ም. እንደ ስኳርና ዶሮ ባሉ ምርቶች ላይ ልክ አበጀ።

ይኸ የሚያስተምረን ነገር አለ። የተተወ ቀረጥ በነፃ አይተውም። አንድ ሰው ይሸከመዋል። ሸክሙ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ይቻላል። ባንድ መንደር ገበሬ ላይ ብቻ ሲያርፍ ግን ርዳታው ጠብ ይሆናል።

የዩክሬን በር መከፈት እኛንም ነክቶናል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታትና በቱርክ አሸማጋይነት የጥቁር ባሕር ወደቦች ለእህል ተከፈቱ። በነሐሴ መጨረሻ 23,000 ቶን ስንዴ የጫነች መርከብ ለኢትዮጵያ ርዳታ ጅቡቲ ደረሰች። ይኸም 230,000 ኩንታል ማለት ነው። በሩቅ አገር የተከፈተ በር በሩቅ አገር ያለን የተራበ ሰው እንደሚደርስ ከዚህ እናያለን።

እኛስ ምን እንጠይቅ?

ኢትዮጵያ ዛሬም የራሷ ወደብ የላትም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ በአሰብ በኩል የነበረው መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የውጭ ንግዷ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ማዳበሪያውም የሚመጣው በዚያው ነው። ከጅቡቲ እስከ መርጡለ ማርያም መንገዱ ረጅም ነው። በመንገዱም ላይ ያለ ሕግ ገመድ ዘርግቶ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካለ፣ በወደቡ የቀረው ክፍያ በመንገድ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ወደቡ 10 ብር ቢተው፣ 5 ገመዶች ሁለት ሁለት ብር ቢወስዱ፣ ለገበሬው ምን ተረፈለት? ምንም።

ስለዚህ ቀረጥ ተነሣ ሲባል በሬዲዮ ስንሰማ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የተነሣው በየትኛው ዕቃ ላይ ነው? እስከ መቼ ነው? በገበያችንስ ዋጋው ቀነሰ ወይ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚነግረን የተጻፈው ሕግ ነው። ማንበብ የሚችል ሰው አዋጁን ያነባል፤ በኬላም ለከፈለው ደረሰኝ ጠይቆ በደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያያል። ሦስተኛውን ግን ማንም አይነግረንም። በገበያ ቀን ራሳችን ዋጋውን ጽፈን ይዘን፣ ከባለፈው ወር ዋጋ ጋር አስተያይተን የምናገኘው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀረጥና በኬላ ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

2. አንድ ነጋዴ በ200 ብር ዕቃ ገዝቶ 20 ብር ቀረጥ ቢከፍል፣ ካወጣው ገንዘብ በየ10 ብሩ 1 ብር ቢያተርፍ፣ ዕቃውን በስንት ይሸጠዋል? ቀረጡ ባይኖርስ በስንት ይሸጠው ነበር?

3. በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ የተፈረመው ውል ኢትዮጵያን ምን ሰጣት? ምንስ አስከፈላት?

4. በእናንተ አካባቢ ውል ሲደረግ ዋስ የሚጠራው ለምንድን ነው? የዐድዋው ውል ዋስ ቢኖረው ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?

5. የዩክሬን ገበሬ ተጠቅሞ የፖላንድ ገበሬ ሳይጎዳ ርዳታውን ማድረስ ይቻል ነበር ትላላችሁ? እንዴት?